ደሴ ላይ የሮጠው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ለምን ተቃጠለ?

ግንቦት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ። አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ አስፋልት ላይ ስድስት ልጆች በሪሞት የሚነዱ መኪኖቻቸውን ደርድረዋል። ማዞሪያዎቹ አሸዋ የተሞሉ ሃይላንዶች ናቸው። ከስድስቱ ልጆች አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከደሴ ይዤው የወረድኩት እኔ ነኝ። መኪናዋ ከሁሉም ቀድማ ተወነጨፈች። ሰባት ስምንት ዙር መራች። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግን መንቀርፈፍ ጀመረች። ከዚያ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ልጁ ሮጦ ሲያነሳት ሽታው እኔ የቆምኩበት ድረስ ደረሰ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ የሠራ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ብዙ ልጆች ያው ስህተት ውስጥ ሲገቡ ስለማይ ነው። ገንዘባቸውን አጠራቅመው ጠንካራ ሞተር ይገዛሉ። በሳምንቱ ያቃጥሉታል። ከዚያ «ሞተሩ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። እኛም እንደዚያው ብለን ነበር።

መኪናዋና ያደረግንባት

መኪናዋን ከጅዳ የላከችለት አክስቱ ናት። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ታህላለች። አራቱም ጎማ ይነዳል፤ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ዘንግ ያልፍባታል። ስትመጣ 540 የሚባለው ብርማ ሞተር ነበረባት። 540 ውፍረቱ 36፣ ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሁለት ማግኔት፣ ሦስት እግር ያለው አርማቸር የሚባል የሚሽከረከር ክፍልና ወደ እሱ ኮረንት የሚያስተላልፉ ሁለት ካርቦን አለው። በእያንዳንዱ እግር ላይ የመዳብ ሽቦው 27 ጊዜ ተጠቅልሏል። የ27 ጥቅል ሞተር የሚባለውም ለዚህ ነው። በ7.2 ቮልት ባዶውን ሲሽከረከር በደቂቃ 15,000 ዙር አካባቢ ይደርሳል። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። እንክብካቤ ካገኘም ረጅም ዕድሜ አለው።

ልጁ ግን 17 ዓመቱ ነው። ፍጥነት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ በሰው የ20 ጥቅል ሞተር አስመጣ። ይሄኛው ተፈትቶ የሚገጠም ነው፤ ካርቦኑ ይቀየራል፤ የኋላ ክዳኑም ትንሽ ግራና ቀኝ ይዞራል። ሞተሩን በገጠመባት ማታ ሌላም ነገር ነካካ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ፣ መካኒኮች ፒኞን የሚሏትን፣ ከባለ 22 ጥርስ ወደ ባለ 25 ጥርስ ቀየራት። የኋላ ክዳኑን ደግሞ ምልክቱ እስከሚያልቅበት አዞረው። አንድ ቪዲዮ ላይ «እንዲህ ሲደረግ ይፈጥናል» ሲባል ሰምቶ ነው።

ሦስቱንም በአንድ ማታ። ኋላ ላይ የቱ ምን እንዳደረገ ለመለየት የተቸገርነው በዚህ ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለው ግቢያቸው የሲሚንቶ ወለል አለው። ርዝመቱ ከ30 ሜትር አይበልጥም። ልጁ ማታ ማታ ከትምህርት ሲመለስ ሁለት ደቂቃ ይነዳል፣ ለጓደኞቹ ያሳያል፣ ያወራሉ፣ ደግሞ ይነዳል። መኪናዋ ትበር ነበር። እኔም አይቼ አጨብጭቤያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥርጣሬዎች

ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረ ሁሉ የራሱን ምክንያት ሰጠ። አንዱ ባትሪው ነው አለ። አንዱ ሞተሩ ፎርጅድ ነው አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «የደሴ አየር ስስ ነው፣ የኮምቦልቻ ወፍራም ነው፣ መኪናዋ አየሩ ከበዳት» አሉ። ይህን ሐሳብ ቀላል አድርጌ አላየሁትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርስ ጆሮህ ራሱ ይነግርሃል። አየሩም በእርግጥ ይለያያል። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የደሴ አየር 78 በመቶ ያህል፣ የኮምቦልቻው 83 በመቶ ያህል ውፍረት አለው።

ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወፈር ያለ አየር ሙቀት በተሻለ ይወስዳል። በዚህ ብቻ ብንሄድ ሞተሩ ኮምቦልቻ ላይ በትንሹም ቢሆን ቀዝቀዝ ማለት ነበረበት። አየሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚይዛትም በዚህ ፍጥነት ብዙ አይደለም። ከፍታው የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ። እመለስበታለሁ።

ሐረጎን ሽቅብ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጁ መኪናዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም አለ። «አብሽር፣ ነገ እናየዋለን» አልኩት።

በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ አወጣናት። መጀመሪያ ባትሪው። ሁለት ሴል ያለው ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ነው። 7.6 ቮልት አሳየ፤ እያንዳንዱ ሴል 3.8። ጤነኛ ነው። ቀጥሎ የፍጥነት መቆጣጠሪያው። 60 አምፔር የሚችል ነው፤ መመሪያው በሁለት ሴል ሊፖ እስከ 12 ጥቅል ድረስ ይፈቅዳል። አሮጌውን ብርማ ሞተር ብንገጥምበት ደህና ሠራ። እሱም ነጻ ወጣ።

ከዚያ መኪናዋን መሬት ላይ አድርጌ በጣቴ ገፋ አደረግኳት። አልተንከባለለችም። አንድ ስንዝር ሄዳ ቆመች። ባትሪ ያልተገጠመላት መኪና ከሞተሩ ማግኔት መያዝ በስተቀር በነጻነት መንከባለል አለባት። ጎማዎቹን ፈታን። የፊት ዘንጉ ላይ የስጋጃ ክር ተጠምጥሟል። ሳሎን ውስጥ ሲሞክራት የያዘችው ነው። ክሩን በመርፌ ለቅመን አወጣን። ዋናው ችግር ግን ፒኞኑና እሱ የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ ጋር ነበር። 25ቱን ሲገጥም ሞተሩን ወደ ጥርሱ አጥብቆ ገፍቶ ብሎኑን አስሮታል። ሁለቱ ጥርሶች ተናክሰዋል። መሃላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት መኖር አለባት። ቀላሉ መንገድ እንዲህ ነው። ቀጭን የደብተር ወረቀት በሁለቱ ጥርሶች መሃል ታስገባለህ፣ ሞተሩን ትገፋለህ፣ ብሎኑን ታስራለህ፣ ከዚያ ጥርሱን እያዞርክ ወረቀቱን ታወጣለህ። ወረቀቱ ተጨማዶ ነገር ግን ሳይቆረጥ ከወጣ ልክ ነው። ስታዞረው ድምፁ ለስላሳ ይሆናል።

ልጁ ሞተሩ ስለተቃጠለበት ከማዘኑ ይልቅ ይህን በማየቱ አፈረ። ማፈር የለበትም። ይህን ያሳየው ሰው አልነበረም።

ዲናሞ ጠቅላዩ ቤት

ሞተሩን ሰኞ ገበያ አካባቢ ዲናሞ ወደሚጠቀልሉ አንድ አባት ይዘን ሄድን። ሥራቸው የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ቤት ሞተር ነው። ይህን የምታክል ሞተር ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ግን አልናቋትም። ካቻቪቴ ይዘው የኋላ ክዳኑን ፈቱ። አርማቸሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። መዳብ መምሰል የነበረበት ኮሙቴተር፣ ማለትም ካርቦኑ የሚነካው የአርማቸሩ ጫፍ፣ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ተለውጧል። ካርቦኑን የሚገፉት ሁለት ትናንሽ ሞላዎችም ሰማያዊ ሆነዋል። አንዱን በጣታቸው ጫን አድርገው ለልጁ ሰጡት።

«ይኼው፣ ሞላው ሞቷል። ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ካርቦኑን አጥብቆ አይገፋም። ካርቦኑ ካልተገፋ ብልጭታ ይበዛል። ብልጭታው ደግሞ ሌላ ሙቀት ነው።»

ከዚያ ጥቅሉን ለኩ። እንዲህ ዓይነት ሽቦ ተቃውሞው ከኦም ክፍልፋይ በታች ስለሆነ ተራ መልቲሜትር ላይ ትርጉም ያለው ቁጥር አይሰጥም። እሳቸው ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። ከፓወር ሰፕላያቸው 2 አምፔር በሁለት የኮሙቴተር ቁራጮች መሃል አሳለፉ፤ እዚያው ቁራጮቹ ላይ ስንት ሚሊ ቮልት እንዳለ ለኩ። ኮሙቴተሩ ሦስት ቁራጭ ስላለው ሦስት ልኬት ይገኛል። ጤነኛ ቢሆን ሦስቱም እኩል ይሆኑ ነበር። ሁለቱ እኩል መጡ፤ ሦስተኛው በግልጽ ዝቅ አለ። አንዱ እግር ላይ ቫርኒሹ ተቃጥሎ ሽቦና ሽቦ ተነካክቷል ማለት ነው። ይህች መንገድ መልቲሜትርና ቋሚ ኮረንት የሚሰጥ ነገር ላለው ሰው ሁሉ ትሠራለች።

ልጁ «ታዲያ ሞተሩ ፎርጅድ ነው አይደል አባባ?» አላቸው።

እሳቸው መልሰው ጠየቁት፦ «ምን ያህል ጥርስ ነው የሚያዞረው?»

ልጁ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስለ ወፍጮ አወሩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ እህሉ ቀስ እያለ ሲገባ ሞተሩ ይዘፍናል። ሠራተኛው ለመፍጠን ብሎ መግቢያውን ሲከፍተው ድምፁ ይወርዳል፤ ያቃስታል። ያኔ እጅህን ሞተሩ ላይ ብታሳርፍ አትችለውም። ሞተሩ ሲዘገይ አምፔር ይበላል፤ አምፔሩ ሥራ ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። «አንተም እህሉን አብዝተህበታል» አሉት።

ይህ አነጋገር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ገባው። እኔንም ጨምሮ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ማታ ደብተር አውጥተን ጥርሶቹን ቆጠርን። ትልቁ ጥርስ 70 ነው። ከእሱ ወደ ጎማ ባለው ማርሽ ውስጥ ሌላ 2.6 ጊዜ ቅነሳ አለ። በ22 ፒኞን፦ 70 ሲካፈል ለ22፣ ሲባዛ በ2.6፣ 8.27 ይመጣል። ሞተሩ 8.27 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በ25 ፒኞን 7.28 ይሆናል።

ከ8.27 ወደ 7.28 ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ጎማው ላይ ያንኑ ጉልበት ለማድረስ ሞተሩ 14 በመቶ ያህል አብልጦ መግፋት አለበት። አምፔሩም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ አምፔሩ በራሱ ሲባዛ ነው። 1.136 በ1.136 ሲባዛ 1.29። ሦስት ጥርስ ብቻ 29 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት አመጣች። ልጁ ይህን በራሱ እጅ አስልቶ ሲያየው እርሳሱን አስቀመጠ።

የጥቅሉ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ጥቅሉ ያነሰ ሞተር የበለጠ ይሞቃል» ይባላል። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ጥቅሉ ሲያንስ ባዶ ቦታ ስለሚገኝ ሽቦው ይወፍራል። 27 ጊዜ የሚጠቀለለው 0.64 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 ጊዜ የሚጠቀለለው 0.75 ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ያጥራል፣ ውፍረቱ ይጨምራል። ተቃውሞው በሁለቱም በኩል ስለሚቀንስ ነገሩ በስኩዌር ይሄዳል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ግፊት የ20 ጥቅሉ አምፔር ቢበዛም ሽቦው ውስጥ የሚቀረው ሙቀት ከ27ቱ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ አምፔሩን የሚገታው የሽቦው ተቃውሞ ብቻ ነው። 27 በ27 ሲካፈል ለ20 በ20፣ 1.82 ነው። በእያንዳንዱ መነሻና በእያንዳንዱ ዝግ ካለ ማዞሪያ ስትወጣ ከባትሪው ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ አምፔር ይጎርፋል። ባትሪው፣ ሽቦው፣ ካርቦኑ ሁሉ ይህን ይሸከማሉ። የ20 ጥቅል ሞተር የሚፈልገው ትንሽ ፒኞን ነው፤ ከዚያ አፍታ ቶሎ እንዲወጣ። እኛ ትልቅ ሰጠነው።

የኋላ ክዳኑን ማዞሩስ? ክዳኑ ሲዞር ካርቦኑ ኮረንቱን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው የሚቀይርበት ሰዓት ቀደም ይላል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ይጠቅመዋል፤ የላይኛው ፍጥነት ይጨምራል። ዝግ ሲል ግን አምፔር ያባክናል፤ ብልጭታውም ይበዛል። ወደ ኋላ ስትነዳ ደግሞ ሰዓቱ ተገላብጦ ስለሚዘገይ ካርቦኑን ይበላዋል። ልጁ በየማዞሪያው ሲሳሳት በሪቨርስ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልመለስ። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ተቃውሞው 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲወጣ 31 በመቶ ማለት ነው። ተራው ፌራይት ማግኔት ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.2 በመቶ ያህል ያጣል፤ በ80 ዲግሪ ጭማሪ 16 በመቶ። ማግኔቱ ሲደክም ለዚያው ግፊት ሌላ አምፔር ያስፈልጋል፤ ያ አምፔር ተቃውሞው በጨመረ ሽቦ ውስጥ ያልፋል። ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል። መኪናዋ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መንቀርፈፍ የጀመረችው እዚህ ውስጥ ስትገባ ነው። ያኔ ቢቆም ኖሮ ሞተሩ ይድን ነበር።

ደሴና ኮምቦልቻን የለያቸውም ይኸው ነው። ሞተር የሚሞቀው በአካባቢው አየር ላይ ተደምሮ ነው። ደሴ ማታ 16 ዲግሪ አየር ላይ 60 ቢጨምር 76 ይሆናል። ኮምቦልቻ ከሰዓት 30 ዲግሪ ላይ ያው 60 ቢጨምር 90 ነው። ከፍታው የሠራብን በአየሩ ውፍረት ሳይሆን በአየሩ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ደሴ ሁለት ደቂቃ ነድተን እናርፋለን። ኮምቦልቻ አምስት ደቂቃ ያለ እረፍት።

የሙቀት መለኪያው አሳሳተን

ሌላ ተመሳሳይ የ20 ጥቅል ሞተር አስመጣን። በዚህ ጊዜ ከመሞከራችን በፊት መለካት አለብን አልን። ቤት ውስጥ ከኮሮና ጊዜ የቀረ የግንባር ሙቀት መለኪያ ነበር። በሰው አካል መለኪያው ላይ ከ42 ዲግሪ ገደማ በላይ አያሳይም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ግን የዕቃ ሙቀት ይለካል፤ እስከ 100 ድረስ። ደስ አለን።

በአሮጌው ብርማ ሞተር ሞከርነው። አምስት ደቂቃ ነዳን፣ አነጣጠርን፤ 41 ዲግሪ አለ። ጣቴን ሳሳርፍ ግን ወዲያው አነሳሁ። 41 ዲግሪ የሞቀ የገላ ውሃ ነው፤ ጣት አያስነሳም። ምክንያቱ ቆርቆሮው ማብለጭለጩ ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት የራሱን ሙቀት በጨረር ብዙ አይለቅም፤ የክፍሉን ሙቀት እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። መለኪያው ያነበበው የግድግዳውን ጭምር ነው። አንድ ቁራጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ሞተሩ ላይ ለጠፍንና በላዩ ላይ ለካን፤ 63 ዲግሪ።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። «ለክቼዋለሁ፣ 45 ነው» ብሎ ሞተር ያቃጠለ ልጅ አውቃለሁ። ውጪው ላይ የምታነበው ራሱ ከውስጡ ሽቦ ያነሰ ነው። እኛ ውጪው ላይ 80 ዲግሪን ጣሪያ አደረግን።

አዲሱን ሞተር ስናሟሽ

አዲስ ካርቦን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ኮሙቴተሩ ክብ ነው። መጀመሪያ የሚነካካው በጠባብ መስመር ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ መስመር ሙሉ አምፔር ከላክህ ገና በመጀመሪያው ቀን ኮሙቴተሩን ትጠብሰዋለህ። ስለዚህ ጠቅላዩ ቤት ሄደን በ3 ቮልት ያለ ጭነት ሩብ ሰዓት አዞርነው። ካርቦኑን አውጥተን ስናየው ግማሹ ተስተካክሏል። ሌላ አሥር ደቂቃ ጨመርን። የወጣውን ጥቁር ብናኝ ነፍተን አወጣን፤ በሁለቱም በኩል ዘንጉ የሚዞርበት ቦኮላ ላይ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አደረግን። አንድ ጠብታ ብቻ፤ ዘይቱ ኮሙቴተሩ ላይ ከደረሰ ከካርቦን ብናኝ ጋር ጭቃ ይሆናል።

ክዳኑን በጆሮ ሳይሆን በአምፔር አስተካከልነው። በ4 ቮልት ባዶውን እያዞርን ክዳኑን ቀስ እያልን ስናንቀሳቅስ አምፔሩ የሚያንስበት ቦታ ተገኘ፤ 2.1። መሃሉ ያ ነው። ልጁ ቀድሞ አድርጎት የነበረው ጫፍ ላይ 3.6 ያሳያል። ያለ ምንም ሥራ አምፔር ተኩል ይባክን ነበር። 2.4 የሚያሳይበት ላይ አድርገን አሰርነው። ሞተሩ ካፓሲተር ስላልነበረው 104 የተጻፈባቸው ሦስት ትናንሽ ካፓሲተሮች በየድንበት፤ ያለ እነሱ የካርቦኑ ብልጭታ ሪሞቱን ይረብሻል።

የተቃጠለውን ሞተር ደግሞ ጠቅላዩ አልጣሉትም። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው በ0.75 ሽቦ ሦስቱንም እግር ሃያ ሃያ ጊዜ አስጠቀለሉት። እጁ ላብ በላብ ሆኖ ነው የጨረሰው። ሲያዞሩት ግን ተንቀጠቀጠ። በደቂቃ 20,000 ዙር የሚዞር ነገር አንዱ ጎኑ በትንሹ ቢከብድ ቦኮላውን ይቀጠቅጠዋል። ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን አቁመው ዘንጉን አስተኙበት፤ ከባዱ ጎን በራሱ ወደ ታች ዞረ። በቀላሉ ጎን ላይ ትንሽ ኢፖክሲ ጨመሩ። ደጋግመው ከሞከሩ በኋላ በየትም ቦታ ጸጥ ብሎ መቆም ጀመረ። ለእሽቅድምድም አይሆንም፤ ለልምምድ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሙከራው

በዚህ ጊዜ ከጥርሱ በስተቀር ሌላ ምንም ሳንነካ ሞከርን። ደሴ፣ ያው ግቢ፣ ማታ፣ አየሩ 17 ዲግሪ። አምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ። ፒኞን 17፦ ሞተሩ ከአየሩ በ35 ዲግሪ በልጦ ወጣ። 19፦ በ44። 22፦ በ61። በእያንዳንዱ መሃል ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ፤ እኔ አልቸኮልኩም። 25ን አልሞከርነውም።

የኮምቦልቻን 30 ዲግሪ ስንደምርበት 65፣ 74 እና 91 ይመጣል። 19 ሆነ ምርጫችን። በ19 ሬሾው 9.58 ነው። የጎማው ዙሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በደቂቃ 21,000 ቢዞር በስሌት በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ27 ጥቅሉና በ22 ፒኞን 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ጥርስ አድርገንም ከመጀመሪያው ፈጥነናል፤ መነሻው ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ በዓይን ይታያል።

ኮምቦልቻ በወረድን ቀን አየሩ 29 ዲግሪ ነበር። ልጁ ከእሽቅድምድሙ በፊት 22ን አንድ ጊዜ ልሞክር አለኝ። ፈቀድኩለት፤ ማየት ስለነበረበት። የመጀመሪያው ዙር 14.1 ሰከንድ ነበር፤ ከሁሉም ፈጣን። በሦስተኛው ደቂቃ ወደ 15 ሰከንድ ዘገየ፤ ፕላስተሩ ላይ 80 ሲነበብ አስቆምኩት። ቀዝቅዞ 19 ሲገጠም 14.3 አመጣ። በአምስተኛው ደቂቃም 14.3 ነበር። ሙቀቱ 75። ደብተራችን 73 ብሎ ነበር።

እሽቅድምድሙን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። አንደኛ የወጣው ልጅ ካርቦን የሌለው፣ ብራሽለስ የሚባለው የ13.5 ጥቅል ሞተር አለው። በውጭ አገር ውድድሮችም አሁን ብዙው ወደዚያ ሄዷል። የሚበላ ካርቦን የለም፣ የሚጠቁር ኮሙቴተር የለም። የጥርሱና የሙቀቱ ስሌት ግን እዚያም ያው ነው። ልጁ ከእሽቅድምድሙ በኋላ መኪናውን ይዞ መጥቶ «እስቲ የኔንም ለኩልኝ» አለን። ሞተሩ ስለሚያብለጨልጭ ፕላስተር ቆርጠን ሰጠነው። 84 ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ እንወርዳለን። 20 ፒኞን እንሞክራለን። አየሩ 28 ከሆነ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ግምት 77 ነው።